ላዊኖን የጻፈው ኦቾል



የዚህ ምሽት አዘጋጆች «ከምሥራቅ አፍሪካ ደራሲዎች አንዱን መርጠህ አስተዋውቀን» ሲሉኝ ምርጫው አላስቸገረኝም። ስለ ሼክስፒር፣ ስለ ዶስቶየቭስኪ፣ ስለ ቼኾቭ በዚህ ከተማ ብዙ ተብሏል። መጻሕፍታቸውም በአማርኛ ተተርጉመው በየቤታችን አሉ። ከደቡብ ሱዳን ወዲያ፣ በሰሜን ዩጋንዳ፣ ጉሉ በምትባል ከተማ ስለ ተወለደው ሰው ግን የምንሰማው ጥቂት ነው። ኦኮት ፕቢቴክ ይባላል። ገጣሚ ነው፤ የልቦለድ ደራሲ ነው፤ የባህልና የሃይማኖት ተመራማሪ ነው። በወጣትነቱ ደግሞ ዘፋኝ፣ ጨፋሪ፣ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር።

ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ እየደጋገምኩ ስለምመለስበት ከአሁኑ ያዙልኝ። የኦኮት ትልቁ ጉዳይ ንቀት ነው። ወልዶ፣ አብልቶ፣ ትምህርት ቤት የላከውን ሕዝብ የተማረ ሰው መልሶ ሲንቀው የሚሆነውን ነገር ነው የጻፈው። ይህን ሊጽፍ የቻለው ደግሞ ራሱ ከተማሩት ሁሉ የተማረ ስለ ነበር ነው። በመጀመሪያ ሕይወቱን እነግራችኋለሁ፤ ቀጥሎ ልቦለዱን፤ ከዚያ ስሙን ያስጠራውን ግጥም፤ በመጨረሻም የሚቀርብበትን ወቀሳ አነሣለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከቤቱ ልጀምር። ኦኮት የተወለደው በ1931 ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ሚሲዮን መምህር ነበር። እናቱ ላችዋ ሴሪና ዘፈን የምትገጥም፣ በአካባቢዋ የታወቀች ዘፋኝ ነበረች። ልጁ እንግዲህ በአባቱ በኩል መጽሐፍና ጸሎት፣ በእናቱ በኩል የሕዝቡን የአቾሊን ዘፈን እየሰማ አደገ። በአቾሊ አገር ዘፈን የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ለልጃገረድ የሚዘፈን አለ፤ ለሙት የሚዘፈን አለ፤ ለጦርነት የሚዘፈን አለ፤ ያጠፋን ሰው በአደባባይ የሚያሳፍር ዘፈንም አለ። ጎረምሳ ሁሉ የራሱ መለከትና የራሱ የሙገሳ ስም ነበረው፤ በእኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም እንደሚጠራው ማለት ነው። ኦኮት ከዓመታት በኋላ እነዚህን ዘፈኖች ሰብስቦ በ1974 በመጽሐፍ ሲያሳትማቸው «የፍቅሬ መለከት» የሚል ስም ሰጥቷቸዋል።

ትምህርቱን ጉሉ ጀምሮ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቡጋንዳ ግዛት ወረደና ኪንግስ ኮሌጅ ቡዶ ገባ። ይህ በቅኝ ግዛት ዘመን የሹማምንት ልጆች ይማሩበት የነበረ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በመምህርነት ሠልጥኖ ወደ ጉሉ ተመለሰና አስተማረ፤ የትምህርት ቤቱንም መዘምራን ይመራ ነበር። በ1956 ከዩጋንዳ ብሔራዊ ቡድን ጋር ለጨዋታ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ቡድኑ ተመለሰ፤ ኦኮት ለትምህርት እዚያው ቀረ። ብሪስቶል ላይ የመምህርነት ትምህርት፣ በዌልስ ኤበሪስትዊዝ ላይ ሕግ፣ በመጨረሻ ኦክስፎርድ ላይ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተማረ።

ኦክስፎርድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኋላው ሥራው ሁሉ ከዚያ ክፍል ውስጥ ካጋጠመው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። መምህራኑ ስለ አፍሪካ ሕዝቦች ሲያስተምሩ «አረመኔ»፣ «ያልሠለጠነ»፣ «ጎሳ» የሚሉትን ቃላት ሳይሳቀቁ ይደጋግሙ ነበር። ኦኮት ተቃወመ፤ የሚሰማው አላገኘም። ይህን በኋላ ራሱ ጽፎታል። እስቲ አስቡት! እየተጠና ያለው «ያልሠለጠነ ሕዝብ» እናቱ ናት። ጥናቱ የሚካሄድበት ክፍል ውስጥ ደብተሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ልጇ ነው። ተማሪው በዚህን ጊዜ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከመምህሩ ጋር ሆኖ እናቱን በመምህሩ ዓይን ማየት ነው፤ ብዙው ሰው የሄደበት መንገድ ነው። ሌላው እናቱን በራሷ ቃል ማድመጥ ነው፤ ኦኮት የመረጠው ይህን ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በአቾሊና በላንጎ ሕዝብ ቃል ግጥም ላይ ሠራ፤ በ1963 አስረከበ። ከዚያም ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። ለማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እየሠራ ጉሉ ላይ የዘፈንና የጭፈራ በዓል አዘጋጀ። በ1966 ካምፓላ የሚገኘው ብሔራዊ የባህል ማዕከልና ቴአትር የመጀመሪያው ዩጋንዳዊ ዳይሬክተር ሆነ። የውጭ ተውኔት ለለመደው መድረክ የገጠር ጨፋሪዎችን ከነከበሮአቸው አመጣ። ብዙ አልቆየም። ወደ ዛምቢያ በሄደበት ጊዜ የአገሩን መንግሥት በአደባባይ በመንቀፉ ከሥራው ተነሣ፤ ወደ ኬንያም ተሻገረ። ኪሱሙ ላይ እንደገና የጥበብ በዓል አቋቋመ። በአሜሪካ አዮዋ የዓለም ጸሐፍት የሚሰባሰቡበት መርሐ ግብር ላይ ቆየ፤ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ናይጄሪያ ኢፌ ሄደ። ኢዲ አሚን በጥር 1971 ሥልጣን ይዞ የአቾሊና የላንጎ ወታደሮችን በገፍ ሲያስገድል ኦኮት በስደት ነበር። አሚን ከወደቀ በኋላ ማኬሬሬ ገባ፤ የፈጠራ ድርሰት ፕሮፌሰር ተብሎ ብዙም ሳይቆይ በሐምሌ 1982 ካምፓላ ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 51 ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ ወደ ልቦለዱ። ስለ ኦኮት የሚያወሩ ብዙ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ይዘሉታል። እኔ ባይዘሉት እላለሁ፤ ለምን እንደሆነም መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

በ1953፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ «ላክ ታር» የሚባል ልቦለድ በአቾሊ ቋንቋ አሳተመ። ሙሉ ርእሱ ሰው በዚህ ዓለም የሚስቀው ጥርሱ ነጭ ስለ ሆነ ነው የሚል የአቾሊ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። እኛ «ጥርስ ባዳ ነው» የምንለውን ያህል ይቀርበናል። ታሪኩ የኦኬቻ ላድዎንግ ነው። አባቱ የሞተበት ድሃ ወጣት ነው። ሴሲሊያ ላሊያ የምትባል ልጃገረድ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ነገር ግን ለቤተሰቧ የሚከፈለው ጥሎሽ ከአቅሙ በላይ ነው። የሚረዳው ዘመድ ያጣል። ገንዘብ ፍለጋ ካምፓላ ይወርዳል። ከተማው ቋንቋውን አያውቅለትም፤ ሥራው እንዳሰበው አይሆንም፤ ወደ ስኳር አገዳ እርሻ ሄዶ በጉልበቱ ያድራል። ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቅማል። ወደ አገሩ ሲመለስ በመንገድ ላይ ይዘረፋል። የሄደውም የተመለሰውም ባዶ እጁን ነው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለውን ታሪክ የማያውቅ የለም። ከገጠር ለሥራ ወጥቶ በመናኸሪያ የተዘረፈ ወንድም ያለው ሰው አለ። ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ላቧን ካፈሰሰች በኋላ ባዶ ሻንጣ ይዛ የተመለሰች እህት ያለችው አለ። ኦኬቻን የበደለው ከተማው ብቻ አይደለም። አጎቶቹም ፊታቸውን አዙረውበታል፤ የጥሎሹ ሥርዓትም ጨክኖበታል። ይህን ልብ በሉልኝ። ወጣቱ ኦኮት የአገሩን ባህል እየወደደ፣ ባህሉ ድሃን የሚያደቅበትን ቦታ በግልጽ አይቷል።

አሁን ወደ ታላቁ ሥራው ልምጣ፤ ሰፋ አድርጌ የምናገረውም በዚህ ላይ ነው። «የላዊኖ ዘፈን» የተባለው ግጥሙ በእንግሊዝኛ የታተመው በ1966 ናይሮቢ ውስጥ ነው። ቀድሞ የተገጠመው ግን በአቾሊ ነው፤ የአቾሊው መጽሐፍ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1969 ነበር። ኦኮት ተርጓሚው ራሱ ነው፤ ትርጉሙም ከዋናው ብዙ እንዳጎደለ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አልሸሸገም። በአቾሊው ቤት የሚመታው ግጥም በእንግሊዝኛው ቤት አይመታም። ቢሆንም አጫጭር ስንኞቹ፣ ድግግሞሹ፣ ሰሚን ስም እየጠራ ማነጋገሩ የእናቱን ዘፈን አካሄድ ይዞ ቀርቷል። በምሥራቅ አፍሪካ እስከዚያ ድረስ ማንም በእንግሊዝኛ እንዲህ ጽፎ አያውቅም ነበር። ከሱ በኋላ ብዙዎች ተከተሉት።

ላዊኖ የገጠር ሴት ናት፤ ማንበብ አታውቅም። ባሏ ኦቾል ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፤ ፖለቲከኛም ሆኗል። አሁን ክሌመንታይን የምትባል ከተሜ ወዶ ላዊኖን ጥሏታል። መጣሉ ብቻ ቢሆን የተለመደ የትዳር ነገር ነበር። ኦቾል ግን ይሰድባታል፤ እሷን ብቻ ሳይሆን እናቷን፣ ዘመዶቿን፣ ምግቧን፣ ጭፈራዋን፣ መድኃኒቷን፣ አምላኳን ሁሉ ይሰድባል። ላዊኖ የባሏን ወንድሞችና የአገሩን ሰው ሰብስባ በ13 ክፍል ዘፈን አቤቱታዋን ታሰማለች።

አቤቱታዋ የሚሄደው በዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። በአንዱ ክፍል ስለ ወጥ ቤት ትናገራለች፤ ምድጃዋ እንዴት እንደሚሠራ፣ የነጩ ምድጃ እንዴት እንደሚያስፈራት። በሌላው ስለ ጭፈራ፤ የአቾሊ ጭፈራ በቀን ብርሃን በአደባባይ ሲሆን የከተማው ጭፈራ በጨለማ ክፍል ሰው ከሰው ተጣብቆ እንደሚሆን። በሌላው ስለ ሰዓት፤ ኦቾል ትልቅ ሰዓት አምጥቶ ሕፃኑ በሰዓት ይጥባ፣ በሰዓት ይተኛ ይላል፤ እሷ ሕፃን ሲርበው እንደሚያለቅስ፣ ሲያለቅስም እንደሚጠባ ነው የምታውቀው። በሌላው ስለ ሚሲዮን ትምህርት፤ የማይገባትን ነገር በቃሏ እንድትሸመድድ ሲያደርጓት፣ ጥያቄ ስትጠይቅ ሲቆጧት፣ ከውጭ የጭፈራው ከበሮ ሲጠራት ጥላቸው እንደ ወጣች።

እነዚህን ሁሉ ስትናገር አንድ ነገር ትጠነቅቃለች፤ ብዙ አንባቢ አያስተውለውም። የነጭን ልማድ ለነጭ አትከለክልም። ለነሱ ይሁንላቸው፤ እኔ የማላውቀውን አልንቅም ትላለች። የምትቃወመው ባሏ የራሱን ለመጣል ሲል የሰውን መያዙን ነው። ይህን ነው ንቀት የምለው። ላዊኖ ኦቾልን ስለ ተማረ አትከሰውም፤ ተምሮ ስለ ናቃት ነው የምትከሰው። እኛ «የተማረ ይግደለኝ» የምንል ሕዝብ ነን። ላዊኖ የተማረው ከገደላት በኋላ የምትናገር ሴት ናት።

ስለ ክሌመንታይን የምትዘፍነውን ስታነቡ ትስቃላችሁ፤ ከዚያ ታፍራላችሁ። ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ እንዴት ቁስል እንዳስመሰለችው፣ ፊቷ ላይ የነሰነሰችው ዱቄት ምን እንደሚመስል ያለ ርኅራኄ ትስላታለች። እዚያው ግን ቆም ትልና ቅናት እንደያዛት ትናገራለች፤ አልክድም ትላለች። ይህ የታላቅ ደራሲ ሥራ ነው። ላዊኖ የምትሳደብበት፣ የምትቀናበት፣ የምታለቅስበት ሥጋና ደም አላት። ኦኮት የባህል ጠበቃ አድርጎ ብቻ ቢያቆማት ኖሮ ዛሬ ስሟን የሚያነሣ ባልኖረም።

ፖለቲካው ላይ ስትደርስ ደግሞ ሹል ነው አንደበቷ። ኦቾል በአንድ ፓርቲ፣ ወንድሙ በተቃራኒው ፓርቲ ገብተዋል፤ አንድ ቤት ተወልደው አንድ ማዕድ አይቀርቡም። ሁለቱም ስለ ነፃነትና ስለ አንድነት ይጮኻሉ። ላዊኖ አንድነቱ የት ነው ትላለች። ዩጋንዳ በጥቅምት 1962 ነፃ ወጣች፤ ግጥሙ በአራተኛው ዓመት ወጣ። በዚያን ጊዜ ይህን ጥያቄ በአደባባይ መጠየቅ ቀላል አልነበረም። ዛሬስ እንጃ!

በመጨረሻ ወደ ኦቾል የመጻሕፍት ክፍል ትገባለች። ክፍሉ ለሷ ጨለማ ጫካ ነው። ባሏ እዚያ ጫካ ውስጥ እንደ ጠፋ፣ መጻሕፍቱ ወንድነቱን እንደ ሰለቡት በልቅሶ ትናገራለች። ይህን ክፍል ስታነቡ ማን እንደ ጻፈው አትርሱ። ብሪስቶል፣ ኤበሪስትዊዝና ኦክስፎርድ የተማረ ሰው ነው የጻፈው። በትምህርት ብዛት ከኦቾል ይበልጣል እንጂ አያንስም። ያ ጫካ የራሱ ክፍል ነው። በእኔ ግምት የግጥሙ ኃይል ከዚህ ይመጣል። ከትምህርት ቤት ደጅ ቀርቶ ትምህርትን የሚረግም ሰው ቢጽፈው እሮሮ ይሆን ነበር። ውስጡ ገብቶ፣ ምን እንደሚያደርግ በራሱ ላይ አይቶ፣ ከዚያ በእናቱ አንደበት ራሱን የከሰሰ ሰው ነው የጻፈው።

በ1970 ኦቾል መልስ ሰጠ። የኦቾል ዘፈን አጭር ነው፤ እንደ ላዊኖው አይዘልቅም፤ ግን ዝለሉት አልልም። ኦቾል እዚያ ጎጆውን ሁሉ አቃጥሉ፣ የአባቶችን የአምልኮ ቦታ አፍርሱ፣ ከተማ እንሥራ ይላል። ለአዲሲቱ አፍሪካ መሥራቾች ሐውልት ይቁም ብሎ ኮንጎን በደም ያጠበውን የቤልጂጉን ንጉሥ ሊዮፖልድን ይጠራል። ይህን ስታነቡ የንቀቱ ሥር ፍርሃት መሆኑ ይገባችኋል። ኦቾል አፍሪካዊ መሆኑን የሚፈራ ሰው ነው። ኦኮት ለክፉ ሰውም ነፍስ ይሰጣል። በ1971 ደግሞ ሁለት ዘፈኖችን በአንድ መጽሐፍ አወጣ፤ አንዱ የእስረኛ፣ ሌላው የሴተኛ አዳሪ። እዚህ ነፃነት ከመጣ በኋላ የተጣሉ ሰዎች ናቸው የሚናገሩት። የእስረኛው ዘፈን ከጻፋቸው ሁሉ ጨለማው የበረታ ነው።

ላዊኖ በዘፈኗ እየደጋገመች የምትመለስበት የአቾሊ ምሳሌ አለ፤ በቀድሞ መንደር የበቀለን ዱባ መንቀል ነውር ነው የሚል። አቾሊዎች መንደር ለቀው ሲሄዱ ዱባው ይቀራል፤ መንገደኛ የሚበላው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚደረስበት ነው። ኦኮት ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአቾሊ አገር ጦርነት ተነሣ፤ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከመንደሩ ተነቅሎ በመጠለያ ጣቢያ ታጎረ። ምድጃው፣ የጭፈራው ሜዳ፣ የአባቶች ቦታ ሁሉ ባዶ ቀረ። በጣቢያ የተወለደ የአቾሊ ልጅ ላዊኖ የምትዘረዝረውን ኑሮ የሚያገኘው ከሽማግሌ አፍ ወይም ከዚህ መጽሐፍ ነው። ኦኮት የተጣላው ከንቀት ጋር ነበር፤ ሥራው ግን ሳያስበው የጠፋ መንደር መዝገብም ሆነ።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ ደርሻለሁ፤ ወደ ወቀሳው። ብዙ ተቺዎች ኦኮት የድሮውን ኑሮ አሳምሮ ሥሏል፣ በላዊኖ መንደር ረኀብ የለም፣ በደል የለም ይላሉ። ሴቶች አንባቢዎች ደግሞ የበረታ ጥያቄ ያነሣሉ። ላዊኖ ባሏ ሌላ ሴት በማግባቱ አትከራከርም፤ ጣውንት መኖሩን ትቀበላለች፤ የምትለምነው እሷም እንዳትጣል ብቻ ነው። እንዲህ የምታስበው ሴቲቱ ናት ወይስ በሴት አፍ የተናገረው ወንዱ ደራሲ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ በቀላሉም አይመለስም። የዘፈኑ መዝጊያ ላይ ላዊኖ ኦቾል ከአባቶቹ ይቅርታ ጠይቆ እንዲድን፣ ከዳነም በፊቱ እንድትጨፍር እንዲፈቅድላት ትለምናለች። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። ይህን ሁሉ የተናገረች ሴት ፈቃድ መጠየቅ አልነበረባትም።

ነገር ግን ተቺዎቹ ኦኮትን በአንድ መጽሐፍ ይፈርዱበታል። ኦኬቻን አስታውሱልኝ። ባህሉ ድሃውን እንዴት እንደሚያደቅ፣ ጥሎሽ ፍቅርን እንዴት እንደሚሸጥ፣ ዘመድ እንዴት እንደሚከዳ፣ ኦኮት ከላዊኖ 13 ዓመት ቀድሞ በገዛ ቋንቋው ለገዛ ሕዝቡ ነግሯል። ለአቾሊ አንባቢ የአቾሊን ጥፋት ነገረ፤ የአቾሊን ክብር ደግሞ ለሚንቀው ለተማረው ዓለም በእንግሊዝኛ ነገረ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ኦኮትን የድሮ ናፋቂ ሊለው አይችልም። በእኛም አገር በዚያው ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም.፣ ደራሲው ዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ በተባለው ልቦለዱ የተማረውን ወጣትና ባላገሩን ፊት ለፊት አገናኝቷል። አደፍርስንና ላዊኖን አንድ ላይ የሚያነብ ተማሪ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አንድ ሐሳብ ጥዬ ልውረድ። የላዊኖ ዘፈን በሚገባ ተተርጉሞ ወደ አማርኛ መምጣት አለበት። ሲመጣ ከእንግሊዝኛው ብቻ ባይሆን ይሻላል፤ እንግሊዝኛው ቤት መምቻውን አጥቷልና። የአቾሊ ቋንቋ ከሉዎ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በአገራችን ጋምቤላ የሚኖሩት አኙዋኮች የሚናገሩትም የዚያው ቤተሰብ ቋንቋ ነው። አንድ የአማርኛ ገጣሚና አንድ የአኙዋክ ተወላጅ የ1969ኙን የአቾሊ መጽሐፍ መሐላቸው አስቀምጠው፣ አቾሊ የሚያውቅ ሰው እየጠየቁ፣ ጮክ ብለው እያነበቡ ቢሠሩት የላዊኖን ድምፅ ከእንግሊዝኛው በተሻለ ልንሰማ እንችላለን። በዚህ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩኝ።

ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ መድረኩ የናንተ ነው።